ደጀን ላይ ውሃ በ92 ዲግሪ ይፈላል

ከአባይ ድልድይ ተነስቶ ወደ ደጀን የሚወጣ ባለ ተሳቢ መኪና ገና ሳይታይ በድምፁ ይታወቃል። ሹፌሩ ማርሹን አውርዶ፣ ነዳጁን እስከ መጨረሻው ረግጦ፣ ከእግረኛ ብዙም ሳይፈጥን ይወጣል። የሸለቆው ሙቀት ከታች ይጋረፋል፤ ፀሐይ ከገደሉ ላይ ተመልሳ ታቃጥላለች። ዳገቱ ከተጋመሰ በኋላ የሙቀት ጌጁ ቀስ እያለ ወደ ቀዩ ይጠጋል። ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚያየው ረዳቱ ነው። «ጋሼ፣ እየፈላ ነው» ይላል። ሹፌሩ ጥግ ፈልጎ ያቆማል፤ ረዳቱ ታኮውን ይዞ ዘሎ ይወርድና ከኋላ ጎማ ሥር ይወትፋል። ከካቢናው ሥር ነጭ እንፋሎት ይትጎለጎላል። «አንተ ልጅ፣ ክዳኑን እንዳትነካ!» ይጮኻል ሹፌሩ። ከዚያ ቢጫው ጀሪካን ይወርዳል፤ ከመንገድ ዳር ካለ ምንጭ ውሃ ይቀዳል፤ ሞተሩ በረድ ሲል ይሞላል፤ ጉዞው ይቀጥላል።

መንገዱን የሚያውቅ ሁሉ ይህን ያውቃል። «የአባይ በረሃ ነው፣ ምን ይደረግ» ተብሎም ይታለፋል። በእኔ እምነት ግን ጥፋቱ የበረሃው አይደለም። ጤነኛ ራዲያተር፣ ትክክለኛ ኩላንትና የሚይዝ ክዳን ያለው ሞተር ይህን ዳገት ሳይፈላ ይወጣዋል። መንገድ ላይ የሚፈላው መኪና ችግሩን ከግቢው ይዞት የወጣ ነው። አባይ ያደረገው ማጋለጥ ብቻ ነው።

ዳገቱ ከሞተር ምን ያህል እንደሚጠይቅ በስሌት እንየው። በጃፓን መንግሥት እርዳታ ካጂማ የተባለው ኩባንያ የሠራውና በ2000 ዓ.ም. መጨረሻ የተመረቀው የህዳሴ ድልድይ ከባሕር ጠለል በላይ 1,100 ሜትር ገደማ ላይ ይገኛል። ደጀን ደግሞ ከ2,400 ሜትር በላይ ነው። መኪናው በ20 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ ውስጥ ከ1,300 ሜትር በላይ ሽቅብ ይወጣል ማለት ነው። ከነጭነቱ 40 ቶን የሚመዝን ባለ ተሳቢ ራሱን ወደ ላይ ለማንሳት ብቻ ከ35 ሊትር በላይ ናፍጣ ያቃጥላል። ከዚህ ነዳጅ ጉልበት ወደ ጎማ የሚደርሰው ቢበዛ 40 በመቶ ያህሉ ነው። የቀረው ሙቀት ይሆናል፤ ግማሽ ገደማው በጭስ ማውጫ ይወጣል፣ ሌላው ወደ ራዲያተሩ ውሃ ይገባል። በኩላንቱ ውስጥ የሚያልፈው ሙቀት ብቻውን አምስት በርሜል ሙሉ ቀዝቃዛ ውሃ ለማፍላት ይበቃል። ይህን ሁሉ ሙቀት ከሞተሩ ተቀብሎ ለንፋስ የሚያስረክበው፣ በራዲያተርና በሞተር መካከል ሲዞር የሚውለው 30 ወይም 40 ሊትር ፈሳሽ ነው።

የደጋው ጎጃም ጠባይ የሚገባው እዚህ ላይ ነው። ውሃ በ100 ዲግሪ ይፈላል ብለን የተማርነው ለባሕር ዳርቻ ነው። ከፍታ በጨመረ ቁጥር አየሩ ይሳሳል፤ ውሃም በቀላሉ ይፈላል። በየ300 ሜትሩ አንድ ዲግሪ ያህል ይቀንሳል። አባይ ድልድይ ላይ 96 ዲግሪ ገደማ የነበረው የመፍያ ነጥብ ደጀንና ደብረ ማርቆስ ሲደረስ ወደ 92 ይወርዳል። የከባድ መኪና ሞተር ደግሞ በጤናው ጊዜ የሚሠራው ከ80 እስከ 95 ዲግሪ ባለው ሙቀት ነው። ስለዚህ ክዳኑ በማይዝ ራዲያተር ውስጥ ያለ ባዶ ውሃ ደብረ ማርቆስ ላይ ለመፍላት ሞተሩ መታመም አያስፈልገውም፤ እንደ ልማዱ መሥራቱ ብቻ ይበቃል። መኪናው ሽቅብ በወጣ ቁጥር ሞተሩ ይበልጥ ይሞቃል፤ ውሃው የሚፈላበት ነጥብ ደግሞ ይወርዳል። ሁለቱ የሚገናኙት ዳገቱ ጫፍ አካባቢ ነው። በዚያ ላይ የደጋው አየር ከባሕር ጠለሉ ሩብ ያህል ስለሚሳሳ ፋኑ በዚያው ፍጥነት እየዞረም የሚወስደው ሙቀት ያንሳል።

ከዚህ የሚያድነው የመጀመሪያው ነገር ኪስ የማይጎዳ ዕቃ ነው፤ የራዲያተር ክዳን። ብዙ ሰው የሚያውቀው ውሃ እንዳይፈስ መክደኛ አድርጎ ነው። ዋና ሥራው ግን ግፊት መያዝ ነው። በውስጡ ስፕሪንግ ያለው ቫልቭ አለ፤ ግፊቱ ከተወሰነው ልክ ሲያልፍ ብቻ ይከፍታል። አንድ ባር የሚይዝ ጤነኛ ክዳን ደብረ ማርቆስ ላይ በ92 ይፈላ የነበረውን ውሃ እስከ 116 ዲግሪ ገደማ ሳይፈላ ያቆየዋል። ውሃው ከኩላንት ጋር እኩል የተደባለቀ ከሆነ 120 ያልፋል። የክዳኑ ጎማ ሲደርቅ፣ ስፕሪንጉ ሲደክም፣ ወይም የራሱ ጠፍቶ የሌላ መኪና ክዳን ሲገጠምለት ይህ ሁሉ ጥበቃ ይጠፋል። ክዳኑ ላይ 0.9 ወይም 1.1 የሚል ቁጥር ታትሞ ታገኛላችሁ፤ የሚይዘው ግፊት እሱ ነው። ለመኪናው የታዘዘው 1.1 ከሆነ 0.9 መግጠም በፈቃድ የመፍያ ነጥቡን ማውረድ ነው። ከልክ በላይ የሆነውም ቱቦና ራዲያተር ያፈነዳል። ክዳኑ ሁለተኛ ትንሽ ቫልቭም አለው፤ ሞተሩ ሌሊት ሲቀዘቅዝ ከመጠባበቂያው ዕቃ ውሃ መልሶ የሚያስገባ። ጠዋት የራዲያተሩ የላይኛው ጎማ ቱቦ ተጨምቆ ጠፍጥፎ ካያችሁት ይህ ቫልቭ ተጣብቋል።

አሁን አንቲፍሪዝም ወደሚባለው ወደ ኩላንቱ እንምጣ። በየጋራዡ የሚሰማው ክርክር አንድ ነው፤ «እኛ አገር በረዶ የለም፣ አንቲፍሪዝ ምን ይሠራል?» መጀመሪያ ነገር ጮቄ ተራራ አካባቢ ያደረ መኪና በጥቅምትና በኅዳር ውርጭ ምን እንደሚመስል ያውቃል። ግን በረዶውን እንተወው። ኩላንት ለእኛ የሚያስፈልገን ለሌላ ነው፤ ብረቱን ከዝገት፣ ራዲያተሩን ከኖራ፣ ላይነሩን ከመበሳት የሚጠብቁት ኬሚካሎች የሚመጡት ከእሱ ጋር ነው።

ኖራ ስል ከሩቅ የመጣ ነገር አይደለም። የአባይ ሸለቆ ግድግዳ ከላይ ጥቁር የእሳተ ገሞራ ድንጋይ፣ ከሥሩ ወፍራም የኖራ ድንጋይ፣ ከዚያ በታች ጂፕሰም ያለበት ንብርብር፣ ከሁሉም ሥር አሸዋ ድንጋይ ነው። የጂፕሰሙን ንብርብር የሥነ ምድር ባለሙያዎች ከሸለቆው ማዶ ባለችው ከተማ በጎሃ ጽዮን ስም ይጠሩታል። ደጀን አካባቢ የሲሚንቶ ፋብሪካ የተተከለውም ይህ የኖራ ድንጋይ ስላለ ነው። በዚህ ድንጋይ ውስጥ ሰርጎ የሚወጣ ምንጭ ለዓይን ኩልል ያለ ነው፤ ለጥምም ይጣፍጣል። ነገር ግን ካልሲየምና ሰልፌት ተሸክሟል። ረዳቱ በጀሪካን ቀድቶ የሚሞላው እሱን ነው። ውሃው ሞተር ውስጥ ሲሞቅ ኖራው ከውሃው ይለይና በጣም የሚሞቀው ቦታ ላይ፣ ማለትም በቴስታታውና በሲሊንደሮቹ ዙሪያ፣ ይለጠፋል። ብረት ሙቀትን ከዚህ ቅርፊት ከ20 እጥፍ በላይ አሻሽሎ ያስተላልፋል፤ አንድ ሚሊ ሜትር ቅርፊት ሞተሩን ወፍራም ብርድ ልብስ እንደ ማልበስ ነው። ጌጁ ውሃውን እንጂ ብረቱን ስለማይለካ መርፌው መሃል ላይ ቆሞ እያለ ቴስታታው ሊነድ ይችላል። ካተርፒላር ለሞተሮቹ የሚፈቅደው ውሃ በሊትር ከ170 ሚሊ ግራም በላይ ጥንካሬ (ኖራና መሰል ማዕድን)፣ ከ100 ሚሊ ግራም በላይ ሰልፌት፣ ከ40 ሚሊ ግራም በላይ ክሎራይድ የሌለበትን ነው።

ታዲያ ምን ውሃ ይሞላ? ከሁሉ የሚሻለው ዲስትልድ ውሃ ነው። ለባትሪ የሚሸጠው የተጣራ ውሃ ይሆናል፤ ግን ከባትሪ አሲድ ጋር እንዳትቀያይሩት፣ ጽሑፉን አንብቡ። ጎጃም ደግሞ ዝናብ አልተነፈገም። ክረምቱ ከገባና ጣሪያው ከታጠበ በኋላ በንጹህ የፕላስቲክ ዕቃ የተጠራቀመ የዝናብ ውሃ ከማንኛውም ምንጭና ከጉድጓድ ውሃ የለሰለሰ ነው። ዲስትልድ ከጠፋ የእኔ ሁለተኛ ምርጫ እሱ ነው።

ከኖራው የከፋው በዓይን የማይታየው ነው። ብዙ ከባድ የናፍጣ ሞተሮች ውስጥ ፒስተኑ የሚመላለስበት ላይነር በውጭ በኩል በቀጥታ ከውሃው ጋር ይነካካል። ናፍጣው በተቀጣጠለ ቁጥር ፒስተኑ ግድግዳውን ይመታል፤ ላይነሩም ይርገበገባል። በእርግብግቢቱ ቅጽበት ከብረቱ አጠገብ ደቃቅ የእንፋሎት አረፋዎች ይፈጠሩና ወዲያው በብረቱ ላይ ይፈነዳሉ። እያንዳንዱ ፍንዳታ ኢምንት ነው፤ ግን በደቂቃ ብዙ መቶ ጊዜ፣ ያውም ያለማቋረጥ ነው። ወራት ሲያልፉ ብረቱ በመርፌ ጫፍ የተወጋጋ ይመስላል፤ በመጨረሻ ቀዳዳው ወደ ውስጥ ይዘልቃል። ውሃ ዘይት ውስጥ ይገባል፣ ኩሽኔታው ይበላል፣ ሞተር ይወርዳል። ይህን የሚከላከለው ለከባድ ናፍጣ በተዘጋጀ ኩላንት ውስጥ ያለው ናይትራይት ወይም እሱን የሚተካ ኬሚካል ነው፤ በላይነሩ ላይ ስስ ሽፋን ይሠራል፤ አረፋው ብረቱን ሳይሆን ሽፋኑን ይመታል። ሽፋኑ በተላጠ ቁጥር ከፈሳሹ ውስጥ እንደገና ይሠራል። ኬሚካሉ ግን እያለቀ ይሄዳል። መለካት የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው።

«አባቶቻችን ኤንትሬን በባዶ ውሃ ሲነዱ ኖረዋል» የሚሉ አሉ። እውነት ነው። ኤንትሬ የሚባለው ያ የፊያት የጭነት መኪና ግን ከ200 ፈረስ ጉልበት በታች ነበር፤ ዛሬ ይህን ዳገት የሚወጣው ሲኖትራክ 371 ፈረስ ጉልበት አለው። በተቀራራቢ ሞተር ውስጥ እጥፍ ያህል ጉልበት ሲወጣ በብረቱ ውስጥ የሚያልፈው ሙቀትም እንዲሁ ነው። የዚያ ዘመን ልማድ ለዚህ ዘመን ሞተር አይበቃም።

ምርመራው የሚደረገው ሞተሩ ሌሊቱን አድሮ በቀዘቀዘበት ጠዋት ነው። የደብረ ማርቆስ ጠዋት ለዚህ ይመቻል፤ ጋቢ ለብሶ የቆመው ዘበኛ በሩን ሲከፍት ራዲያተሩ በእጅ ሲነካ ይቀዘቅዛል። መጀመሪያ የሚሠራው ዓይን ነው። ክዳኑ ተከፍቶ ውሃው ጎድሎ እንደሆነ፣ የዘይት ፊልም ተንሳፎ እንደሆነ፣ ቀለሙ ወደ ዝገት ሄዶ እንደሆነ ይታያል። የዘይቱ መለኪያ ዘንግም ይወጣል፤ ዘይቱ ማኪያቶ ከመሰለ ውሃ ገብቶበታል፣ ያ መኪና ከግቢ መውጣት የለበትም። በቀለም ብቻ ግን አትፍረዱ። አረንጓዴ፣ ቀይ፣ ሰማያዊ የሚሆነው ፋብሪካው የጨመረው ማቅለሚያ ነው፤ የኩላንቱን ዓይነትም ጥንካሬውንም አይናገርም።

ቀጥሎ ሪፍራክቶሜትር ይወጣል፤ እንደ ትንሽ መነጽር በአንድ ዓይን የሚታይ መሣሪያ ነው። መስታወቱ በዲስትልድ ውሃ ይታጠብና ዜሮው ይስተካከላል። ከራዲያተሩ አንድ ጠብታ ተወስዶ መስታወቱ ላይ ይደረግና የመሣሪያው ክዳን ይከደናል፤ ወደ ብርሃን ሲታይ ሰማያዊውና ነጩ የሚገናኙበት መስመር ቁጥሩን ይሰጣል። መሣሪያው የሚናገረው ፈሳሹ በስንት ዲግሪ እንደሚረጋ ነው። ለእኛ ግን ይህ የበረዶ ቁጥር የመጠን ቁጥር ነው፤ ከዜሮ በታች 37 ካለ ግማሹ የኩላንቱ ዋና ፈሳሽ የሆነው ኤትሊን ግላይኮል፣ ግማሹ ውሃ ነው፤ የሚፈለገውም እሱ ነው። ከዜሮ በታች 10 ላይ ከቆመ ብዙ ጀሪካን ገብቶበታል። ከ60 በመቶ በላይ መሙላትም ጥቅም የለውም፤ ግላይኮል ብቻውን ከውሃ ያነሰ ሙቀት ነው የሚሸከመው። ስለዚህ ስትገዙ ዕቃው ላይ ኮንሰንትሬት ወይም ሬዲ ሚክስ የሚለውን እዩ። የተበረዘውን ገዝቶ እንደገና በእኩል ውሃ የሚበርዝ ሰው ሩብ ኩላንት ይዞ ነው አባይን የሚወጣው። ሪፍራክቶሜትር በጠርሙስ ተሞልቶ የሚሸጥ ባለቀለም ውሃንም ያጋልጣል። ዋጋው ከአንድ የከባድ መኪና ጎማ እጅግ ያንሳል፤ መኪና ያለው ማኅበር ሁሉ ሊኖረው ይገባል እላለሁ።

ናይትራይቱና ፒኤቹ (የአሲድነት ልኩ) የሚለካው በወረቀት ስትሪፕ ነው። ናሙናው ከመጠባበቂያው ዕቃ ሳይሆን ከራዲያተሩ ይወሰድ። ስትሪፑ ጠለቅ ተደርጎ ይወጣል፣ ይራገፋል፣ በማሸጊያው ላይ የተጻፈው ሰዓት ሲደርስ ቀለሙ ከሰንጠረዡ ጋር ይተያያል፤ ዘግይቶ ማንበብ ያሳስታል። ፒኤቹ በናይትራይት ኩላንት ከ8 እስከ 10.5 ባለው ውስጥ ይጠበቃል፤ ከዚያ ከወረደ ፈሳሹ ብረት መብላት ጀምሯል። ናይትራይት በሌለው ዓይነት ኩላንት ላይ ግን የናይትራይት ስትሪፕ ሁልጊዜ ባዶ ያሳያል፤ ያን አይቶ ተጨማሪ ኬሚካል ማፍሰስ ስህተት ነው። መጀመሪያ የትኛው ዓይነት እንደተሞላ ይታወቅ።

ስትሪፕ የማያገኝ ጋራዥ ኤሌክትሪሺያኑ ጋ ያለውን ቴስተር ይጠቀም። ጥቁሩ ገመድ ባትሪው ኔጌቲቭ ላይ፣ ቀዩ ብረት ሳይነካ ኩላንቱ ውስጥ ይገባል። ከ0.3 ቮልት በላይ ካነበበ ኩላንቱ ደክሟል፤ መብራትና ሞተሪኖ ሲሠራ ብቻ ከፍ የሚል ከሆነ ደግሞ የመሬት ገመዱ ላልቶ ኤሌክትሪኩ በውሃው በኩል እየሄደ ነው። ይህ ሁለተኛው ችግር አዲስ ራዲያተርን በአጭር ጊዜ ይበሳል። ገመዱን ሳያስተካክሉ ራዲያተር መቀየር ገንዘብ መጣል ነው።

ያለ በቂ ምክንያት የሚፈላ መኪና ላይ የቴስታታ ጋስኬት ይጠረጠራል። በራዲያተሩ አፍ ላይ የሚገጠም ሰማያዊ ፈሳሽ ያለው መመርመሪያ አለ፤ የቃጠሎ ጋዝ ካለፈበት ሰማያዊው በናፍጣ ሞተር ወደ አረንጓዴ፣ በቤንዚን ሞተር ወደ ቢጫ ይለወጣል። ሞተር ከማውረድ በፊት ይህን ማድረግ የብዙ ሰው ገንዘብ ያድናል።

ስለ ቴርሞስታት አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። መኪና ሲፈላ «አውጥተህ ጣለው» የሚለው ምክር በየመንገዱ አለ። በብዙ ሞተሮች ላይ ቴርሞስታቱ ወደ ራዲያተር የሚወስደውን መንገድ ሲከፍት ወደ ሞተር የሚመልሰውን አቋራጭ ይዘጋል። ከወጣ አቋራጩ ክፍት ይቀራል፤ የውሃው አንድ ክፍል ራዲያተር ሳያይ ይመለሳል፤ ዳገት ላይ ይብስ ይሞቃል። ከጎሃ ጽዮን ቁልቁል ሲወረድ ደግሞ ሞተሩ ከልክ በላይ ይቀዘቅዛል፤ ነዳጁ ሙሉ በሙሉ አይቃጠልም፣ ዘይቱን ያበላሻል፣ ቀለበቶቹን ይበላል። የተበላሸ ቴርሞስታት በአዲስ ይቀየራል እንጂ ቦታው ባዶ አይተውም።

ኩላንት ሲቀየርም የራዲያተሩን ቧንቧ ብቻ መክፈት አይበቃም፤ ሞተር ብሎኩ ላይ ያለው ቡሎን ካልተፈታ አሮጌው ውሃ ውስጥ ይቀራል። ከታጠበ በኋላም የማጠቢያው ውሃ ብሎኩ ውስጥ ስለሚቀር አዲሱን ያቀጥነዋል፤ አንድ ቀን ተነድቶ እንደገና በሪፍራክቶሜትር ይታይ። የካቢናው ማሞቂያ ክፍት ሆኖ ይሞላ፣ አየሩም ይውጣ። የተለመደው ኩላንት ሁለት ዓመት ገደማ ነው የሚያገለግለው፤ ረጅም ዕድሜ ያለው ከዚያ ይበልጣል፤ ግን በየመንገዱ ውሃ ከተጨመረበት የትኛውም ዕድሜ አይቆጠርለትም።

መንገድ ላይ መፍላት ከጀመረ ደግሞ፦ ጌጁ ገና ሲነሳ ማርሽ አውርዱ፣ ማሞቂያውን እስከ መጨረሻው ክፈቱ፤ ሙቀት ከሞተሩ ይወስዳል። ውሃ ካለውና የሚዞር ከሆነ ቆማችሁ ሞተሩን ለጥቂት ጊዜ ያለ ጭነት አሠሩት፤ ውሃ ከጨረሰ ግን ወዲያው አጥፉ። ክዳኑን በሙቀቱ አትክፈቱ፤ ግፊቱ ሲለቀቅ ውሃው በቅጽበት እንፋሎት ሆኖ ፊት ያቃጥላል። በጋለ ቴስታታ ላይ ቀዝቃዛ ውሃ መሙላት ይሰነጥቀዋል። ሌላ ከጠፋ ከምንጩ ቅዱ፤ ሞተር ከሚቃጠል የኖራ ውሃ ይሻላል። ብቻ ቤት ሲደረስ ያ ውሃ ይውጣ።

ኩላንት መርዝ መሆኑም አይረሳ። ኤትሊን ግላይኮል ጣፋጭ ነው፤ ልጅም ውሻም ከብትም ይጠጡታል፣ ኩላሊት አበላሽቶ ይገድላል። በሃይላንድ ጠርሙስ አታስቀምጡ። ወደ ቦይና ወደ ግጦሽ አትድፉ። የጠጣ ሰው ምንም ባይሰማው እንኳ በፍጥነት ሐኪም ቤት ይወሰድ።

በዚህ ሁሉ ውስጥ የሚወቀሰው ሹፌሩ ነው። «ሞተር አቃጠለ» ተብሎ ከሥራ የሚወጣው፣ ከደመወዙ የሚቆረጥበት እሱ ነው። ኩላንት ለመግዛት የወሰነው ወይም ያልወሰነው ግን ባለንብረቱ ነው። ዓመቱን ሙሉ የጀሪካን ውሃ የጠጣ ሞተር ዳገት ላይ ሲወድቅ በመጨረሻ መሪውን የያዘውን ሰው ብቻ መጠየቅ ፍትሕ አይደለም። ባለንብረቶች ሆይ፣ ኩላንቱ የተሞላበትን ቀን፣ ዓይነቱንና የሪፍራክቶሜትሩን ቁጥር በወረቀት ጽፋችሁ ካቢናው ውስጥ ለጥፉ፤ ሹፌሩ ሲቀየርም ወረቀቱ ይቆይ። ከሚቀጥለው የአባይ ጉዞ በፊት፣ ሞተሩ በቀዘቀዘበት ጠዋት፣ ክዳኑን ከፍታችሁ እዩ። ያገኛችሁት ባዶ ውሃ ከሆነ መኪናው ከመጫኑ በፊት ጋራዥ ይግባ።